ትል ብቻውን ሰውን እዚህ ድረስ ደም ያሳጣል? (የአባባ ጉዳይ ነው፣ እባካችሁ እርዱኝ)

የአጋሮ ልጅ፦
ሰላም ቤቶች። አባባ 61 ዓመታቸው ነው። አጋሮ አካባቢ ቡና ገበሬ ናቸው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ድካም በዛባቸው። ዳገት ሲወጡ ልባቸው ድው ድው ይላል፣ ጆሯቸው ይጮኻል፣ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። እኛ «ዕድሜ ነው» ስንል ቆየን። በመጨረሻ አዲስ አበባ አምጥቼ አስመረመርኳቸው፤ ሂሞግሎቢናቸው (የደም ማነስ መለኪያው) 6.4 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለቴ አየና «በእግርዎ ነው የመጡት?» አላቸው።

የጨጓራ ኢንዶስኮፒ ተሠራ፣ ቁስለት የለም። ሰገራቸው ውስጥ ግን በዓይን የማይታይ ደም አለ ተባለ። ከዚያ ተራ የሰገራ ምርመራ ላይ «ሁክዎርም ኦቫ» (የሁክዎርም ትል እንቁላል) የሚል ወጣ። አልቤንዳዞልና የአይረን ክኒን ታዘዘላቸው፣ በወሩ ኑ ተባልን። አለቀ።

ወንድሜ «የትል ክኒን ሰጥተው ሸኟችሁ? ካንሰር ቢሆንስ?» እያለ እንቅልፍ ነስቶኛል። እውነት ትል ይህን ያህል ያደማል?

ሰሚራ፦
እህቴ አላህ አፊያ ያድርግልሽ። መልስ የለኝም፣ ግን እየተከታተልኩ ነው። የእኔም አባት ገበሬ ናቸው።

ማይክሮስኮፕ፦
እግዚአብሔር ይማርልሽ። ላብራቶሪ ነው የምሠራው። አጭሩ መልስ አዎ ነው፤ በደንብ ያደማል።

ወስፋት ረጅም ስለሆነ ሰው ያየዋል። ኮሶም ቁርጥራጩ ይወጣል። ሁክዎርም ግን 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክር የመሰለ ነገር ነው። ሲወጣ አይታይም፤ እንደ ወስፋት ሆድ አይነፋም። ስለዚህ ሰው «እኔ ትል የለብኝም» ብሎ ዓመታት ይኖራል። ትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ በአፉ ይጣበቃል፣ ሥጋውን ይቆርጣል፣ ደም ይመጣል። ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገርም ይለቃል። ደግሞ አንድ ቦታ አይቆይም። ወደ ሌላ ይዛወራል፣ የተወው ቁስል ወዲያው አይዘጋም።

ሰው ላይ በብዛት የሚገኘው ሁለት ዓይነት ነው። ኔካቶር የሚባለው አንዱ ትል በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያሳጣል። አንኪሎስቶማ የሚባለው ደግሞ ከ0.15 እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር። ትንሽ ትመስላለች አይደል? 100 ኔካቶር አስቢ። በቀን 3 ሚሊ ሊትር ነው። 1 ሚሊ ሊትር ደም ግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ ብረት ይዟል፤ ስለዚህ በቀን 1.5 ሚሊ ግራም ብረት ሄደ ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ከምግቡ በቀን ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ነው። የገባው ሁሉ እየወጣ ነው ማለት ነው። ትሉ ደግሞ ዓመታት ይኖራል።

ጠርጣራው፦
እኔ አይዋጥልኝም። ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ትል ነበረበት። እኛም ልጅ ሆነን በባዶ እግራችን ስንሮጥ ነው ያደግነው፣ ማን ሂሞግሎቢኑ 6 ገባ? አሁን አሁን ሐኪም ምክንያት ሲያጣ «ትል ነው» ማለት ቀላል ሆኖለታል። ወንድምሽ ልክ ነው።

የአጋሮ ልጅ፦
እኔም ግራ የገባኝ እሱ ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትል ነበረባቸው ብንል፣ ለምን ዛሬ?

ማታ ተረኛ፦
የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ። ሁለታችሁም ደህና ጥያቄ ነው የጠየቃችሁት።

ሁክዎርም ያለበት ሁሉ ደም አያንሰውም። የሚወስነው የትሉ ብዛትና የሰውየው የብረት ክምችት ነው። ብዙ ሰው ጥቂት ትል ይዞ ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ጥቂት ሰው ደግሞ ብዙውን ተሸክሞ ይገኛል፤ በአንድ መንደር ውስጥ እንኳን። ሴት ከሆነች ወር አበባና ወሊድ አለ፣ ቋቷ ቀድሞ ይጎድላል። ወንድ ሰፋ ያለ ክምችት አለው፤ እስኪያልቅ ዓመታት ይፈጃል። ሲያልቅ ነው የሚታየው። ብዙ በሽታ ላይ ልጅ ነው የሚጠቃው እንላለን፤ ሁክዎርም ግን አዋቂውንም አይለቅም፣ በተለይ አፈር ላይ የሚውለውን።

6.4 ሆነው በእግራቸው የመጡትም ለዚህ ነው። ይህን ያህል ደም በአንድ ቀን ቢፈስ ሰው ይወድቃል። ቀስ ብሎ ሲያልቅ ልብ እየፈጠነ ያካክሳል። ግን ልብም ይደክማል። ቁጭ ባሉበት ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይ እግራቸው ካበጠ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ፍርሃቱ ትክክል ነው። የ61 ዓመት ወንድ በብረት እጥረት ደም ሲያንሰው፣ ትል ተገኘ ተብሎ ፍለጋው አይዘጋም። አንድ ሰው ሁክዎርምም የትልቁ አንጀት ዕጢም አብሮ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ መኖሩ ሌላውን አያስቀርም። የጨጓራ ኢንዶስኮፒ የላይኛውን ክፍል ብቻ ነው የሚያየው። ትልቁ አንጀት በኮሎኖስኮፒ መታየት አለበት። ትሉንም አክሙ፣ ብረቱንም ስጡ፣ ኮሎኖስኮፒውንም አሠሩ። አንዱን ከአንዱ አታማርጡ።

ክብደት ቀንሰዋል? የሰገራ ልማዳቸው ተቀይሯል? የሕመም ማስታገሻ ይወስዳሉ?

የአጋሮ ልጅ፦
ክብደት ትንሽ። ሰገራ ያው ነው ይላሉ። ማስታገሻ… ለወገባቸው ዲክሎፌናክ ከሱቅ ይገዛሉ። «ክኒን አይደለም፣ የወገብ ነው» ይሉኛል 😅

ማታ ተረኛ፦
የወገቡም ክኒን ነው በያቸው 😄 ዛሬውኑ ያቁሙ። ዲክሎፌናክ ጨጓራን ብቻ ሳይሆን ትንሹን አንጀትም ያቆስላል፣ ያን ደግሞ ኢንዶስኮፒው አያየውም። ለሐኪሙ ነግራችሁታል?

የአጋሮ ልጅ፦
ኧረ አልጠየቀንም።

እማማ ዘነቡ፦
ልጄ፣ እኛ በየሁለት ወሩ ኮሶ ጠጥተን ነው ያደግነው። አባትሽን ኮሶ አጠጫቸው፣ ይጠረግላቸዋል። ጥሬ ሥጋም ያቁሙ።

ማይክሮስኮፕ፦
እማማ፣ ተከብረው ይኑሩ። ግን ኮሶ ለኮሶ ትል ነው። ያ ትል ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣው ረጅሙ ነው፤ እሱ ደግሞ ደም አያፈስም። ሁክዎርም ከሥጋ አይመጣም፣ ከአፈር ነው። ደግሞ ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ዓይን እንደሚጎዳ በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። ደማቸው 6 የሆነ ሰውዬ በኮሶ ሆዳቸው ተጠርጎ ቢደክሙ ማን ያነሳቸዋል?

እማማ ዘነቡ፦
እሺ ልጄ፣ እናንተ ተምራችኋል። ለእኔ ግን ሠርቶልኛል።

ታሪክ ወዳዱ፦
ከአፈር የሚለው ነገር እንዴት እንደታወቀ ታውቃላችሁ? ትሉን ራሱን ጣሊያናዊው ሐኪም ዱቢኒ ሚላን ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1838 የሞተች ገበሬ ሴት አስከሬን ሲመረምር ነው ያየው። ግን ጉዳዩ የዓለምን ጆሮ ያገኘው የስዊዘርላንድ የጎታርድ የባቡር ዋሻ ሲቆፈር ነው። 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ። ውስጡ ሞቃት፣ እርጥብ፣ መጸዳጃ የሌለው። ሠራተኞቹ እየገረጡ፣ እየደከሙ መውደቅ ጀመሩ። በ1880 የጣሊያኗ ቱሪን ተመራማሪ ፔሮንቺቶ የበሽታው ምክንያት ይኸው ትል ነው አለ። ዋሻው በረዷማ ተራራ ሥር ሆኖ ውስጡ ግን እንደ ሞቃት አገር ነበር።

መግቢያው ቆዳ መሆኑን የደረሰበት ደግሞ ካይሮ የነበረው ጀርመናዊ ሎስ ነው። እጭ ያለበት ውሃ በድንገት እጁ ላይ ፈሰሰበት። ቆዳው ቀላ፣ አሳከከው። ከሳምንታት በኋላ የገዛ ሰገራውን ሲመረምር እንቁላሉን አገኘ። ብዙ ሰው ለዓመታት አላመነውም።

ከዚያ በ1909 አሜሪካዊው ባለሀብት ሮክፌለር ደቡብ አሜሪካ… ማለቴ የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ውስጥ ለዚህ ትል ዘመቻ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። የሀብታሟ አሜሪካ ገበሬዎችም በባዶ እግራቸው ይሄዱ ነበርና «ሰነፎች» ይባሉ ነበር። ደም አንሷቸው ነው እንጂ!

ጠርጣራው፦
ይኼኛው ደስ ይላል። ሰነፍ የሚለው ስድብ እኛም አገር አለ።

ነርስ በገጠር፦
እኔ የምሠራው ቡና አገር ነው። እዚህ ለሁክዎርም የተመቸ ነገር ሁሉ አለ፤ ጥላ፣ እርጥብ አፈር፣ ሙቀት። ሰው እርሻ መሐል ይጸዳዳል። እንቁላሉ በአንድ ሁለት ቀን ይፈለፈላል፣ በሳምንት ገደማ ቆዳ የሚበሳ እጭ ይሆናል። ባዶ እግር ሲያገኝ በጣት መሐል ይገባል። አንዳንዱ ሰው «እግሬን በላኝ» ብሎ ይመጣል፣ ትንንሽ ቀይ ሽፍታ ነው። እጩ በደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ይዋጣል፣ አንጀት ይደርሳል። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ እንቁላል ይጥላል።

ገበሬዎቻችን ጫማ አላቸው። የሚያደርጉት ግን ገበያ ሲወጡና ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ ሲሄዱ ነው። ጭቃ ላይ ጫማ ይከብዳል፣ ይበላሻል ይላሉ። ላስቲክ ቡትስ ግዢላቸው። ክኒን ውጠው በባዶ እግራቸው ከተመለሱ ተመልሶ ይይዛቸዋል።

ሌላ የሚያናድደኝ፦ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ትምህርት ቤት እየሄድን የትል መድኃኒት እንሰጣለን። ጥሩ ነው። ግን ለተማሪ ነው። ከልጁ ጎን አፈር የሚቆፍረው አባት ማንም አያስታውሰውም፣ የአባትሽ ዓይነቱ።

ጣና ዳር፦
ልጨምር። እኔ ባህር ዳር ነኝ። አጎቴ ፎገራ ሩዝ ያመርታል። አንድ ሌሊት ባልዲ ሙሉ ደም አስታወከ። እኛ ጨጓራ ነው አልን። ኢንዶስኮፒ ሲሠራ ጉሮሮው ታች ያሉ ደም ሥሮች አብጠው ፈንድተዋል። ምክንያቱ ቢልሃርዚያ። ይኼኛው ትል አንጀት ላይ አይጣበቅም፣ ደም ሥር ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ ጉበት ውስጥ እየተቀበረ ጠባሳ ይሠራል፣ የደም መንገድ ይዘጋል፣ ደሙ በሌላ በኩል ሲሄድ የጉሮሮ ደም ሥር ያብጣል። ደም ሥሮቹን በላስቲክ አሰሩለት፣ አሁን ደህና ነው። የአንጀት ቢልሃርዚያ ሰገራ ውስጥም ደም ያመጣል።

አልቤንዳዞል ይህንን አይገድልም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። ሐይቅና መስኖ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ካላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ።

ታሪክ ወዳዱ፦
ቢልሃርዚያ ካልክማ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ማለፍ አይቻልም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ በታች ያለው ውሃ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚህ ናቸው። ከልብስ ማጠቢያ ተነስቶ ዓለም አቀፍ ጥናት ሆነ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ተቋም ዛሬ በስሙ ነው የሚጠራው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከአሜሪካ ነው። ነርስ ነኝ፣ አንድ ነገር ካላልኩ አልተኛም። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ሌላ ትል አለ። እሱም በቆዳ ነው የሚገባው። ልዩነቱ ከሰውነት ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ይራባል፣ ሠላሳ አርባ ዓመት ሊኖር ይችላል። ሰውየው አገር ቤትን ትቶ ከመጣ ዘመን ቢያልፈውም ትሉ አብሮት አለ፣ ዝም ብሎ።

ችግሩ ሰውየው ለአስም ወይ ለመገጣጠሚያ ስቴሮይድ (እንደ ፕሬድኒሶን፣ ዴክሳሜታዞን ያለ መድኃኒት) ሲሰጠው ነው። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ትሉ ያለ ልክ ይራባል፤ አንጀት ይደማል፣ ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል፣ ሰው ይሞታል። በኮቪድ ጊዜ ዴክሳሜታዞን በብዛት ሲሰጥ ሐኪሞች ይህን ፈርተው ነበር። ተራው የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፣ የደም ምርመራ ነው የሚሻለው። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው።

እዚህ ያላችሁ ወገኖች፣ ወላጆቻችሁ ከገጠር መጥተው ከሆነ ፕሬድኒሶን ከመጀመራቸው በፊት «ያደግኩት ኢትዮጵያ ገጠር ነው፣ ይህን ትል መርምሩልኝ» ይበሉ። የፈረንጅ ሐኪም ብዙውን ጊዜ በራሱ አያስበውም።

ሰሚራ፦
ሱብሃነላህ። እናቴ ፕሬድኒሶሎን ላይ ናት! ነገ እጠይቃለሁ። ግን ላቁምባት?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አይ አይ! በድንገት ማቆምም አደጋ ነው። ሳታቆሚ ሐኪሟን አናግሪ።

የአጋሮ ልጅ፦
ቤቶች ደነገጥኩ። አይረን ከጀመሩ ወዲህ ሰገራቸው ጥቁር ሆነ። ደሙ ባሰ እንዴ??

ፋርማሲስቷ፦
አይዞሽ። አይረን ሰገራን ያጠቁራል፣ የታወቀ ነው። የሚያስፈራው እንደ ሬንጅ የሚያብለጨልጭ፣ የሚጣበቅ፣ ሽታው የማይቻል ዓይነት ነው። ያ ከሆነ ወይ ካዞራቸው ወደ ሐኪም። ጠንካራና ጥቁር ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ከሆነ ግን የክኒኑ ነው።

ማይክሮስኮፕ፦
ሁሉም ካነበበ አንድ የእኛን የላብ ነገር ልበል። እኔ የማየው እንዲህ ነው፦ በእንጨት ጫፍ የክብሪት ራስ የምታክል ሰገራ ይነሣል፣ አንድ ጠብታ የጨው ውሃ ላይ ይበጠበጣል፣ በስስ መስታወት ይሸፈናል። የሁክዎርም እንቁላል ሞላላ ነው፣ ቅርፊቱ ስስና ጥርት ያለ። መሐሉ ላይ ጥቂት ሴሎች ተጠጋግተው ይታያሉ፤ በእነሱና በቅርፊቱ መካከል ባዶ ቦታ አለ። አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም።

ግን ሰው ጠዋት ያወጣውን ሰገራ በኪሱ ይዞ ታክሲ ተሰልፎ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ከሰዓት ያስረክበናል። ሰገራ ሲቆይ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ከስትሮንጂሎይድስ እጭ ጋር ይምታታል። ትኩስ አምጡልን። ደግሞ አንድ ናሙና «የለም» ቢል የለም ማለት አይደለም። ትሉ ጥቂት ከሆነ ያመልጣል፣ ይደገም።

ጠርጣራው፦
ታዲያ ማረጋገጫው ምንድን ነው? ትሉ ነው ያደማው ወይስ ዲክሎፌናኩ ወይስ ሌላ?

ማታ ተረኛ፦
ጊዜ ነው የሚያረጋግጠው። ትሉ ከሞተ፣ ማስታገሻው ከቆመ፣ ብረት ከተወሰደ በሦስት አራት ሳምንት ሂሞግሎቢን ወደ 2 ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ካልወጣ ወይ ክኒኑ አልተዋጠም፣ ወይ ደም አሁንም እየፈሰሰ ነው፣ ወይ መነሻው ሌላ ነው። ቢወጣም ደግሞ ትሉና ዲክሎፌናኩ አብረው ስለቆሙ የትኛው እንደነበረ በትክክል መለየት ይከብዳል። ለእሳቸው ግን ለውጥ የለውም።

ላይኛውም ታችኛውም ኢንዶስኮፒ ንጹሕ ሆኖ፣ ከዚያ የምትዋጥ ካሜራ ሲልኩ ትንሹ አንጀት ላይ ሁክዎርም ተጣብቆ የተገኘባቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተጽፈዋል። በሽተኞቹ ከዚያ በፊት ደም ተደጋግሞ ተሰጥቷቸዋል። አንዳንዴ ሐኪሙ ሩቅ ያለውን ሲያይ ቅርብ ያለውን የትል ክኒን ይረሳል። የእናንተ ሐኪም ይህን አልረሳም፤ የረሳው የታችኛውን አንጀት ማየት ነው።

የአጋሮ ልጅ፦
በወሩ ተመለስኩ። ሂሞግሎቢን 8.9! ጆሯቸው መጮኹን ትቷል። የሰገራ ምርመራው ሲደገም ምንም አልታየም። ኮሎኖስኮፒ ጠየቅሁ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ «አያስፈልግም» አለ፣ ዕድሜያቸውንና ዲክሎፌናኩን ስነግረው ጻፈልን። ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቡትስም ገዛሁ፣ አባባ ግን «ለሠርግ ላድርገው» ይላሉ።

እናቴንም አስመረመርኳት፣ እሷም ላይ ሁክዎርም ተገኘ። ደሟ ግን 12 ነው።

አንድ ጥያቄ፦ አይረኑን ከቡና ጋር ነው የሚውጡት። የቡና ገበሬን ቡና ተው ማለት አይቻልም።

ፋርማሲስቷ፦
ተው አትበያቸው፣ አራርቂው። ቡናና ሻይ ብረቱን አንጀት ላይ ይዘውት እንዳይገባ ያደርጋሉ። ከቡናው ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ፣ በብርቱካን ቢሆን ጥሩ ነው። ሆድ ካመማቸው በየቀኑ መውሰድ ትተው አንድ ቀን እየዘለሉ ቢወስዱም ይሠራል፣ ሐኪሙን አማክሪ። ደሙ ሲስተካከልም አታስቆሚ፣ ክምችቱ እስኪሞላ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል።

ማታ ተረኛ፦
ከኮሎኖስኮፒው በፊት ግን አይረኑን አንድ ሳምንት ያህል ያቋርጡ። አንጀቱን ያጠቁረዋል፣ ሐኪሙ በደንብ አያይም። ቀጠሮ ስትይዙ ይህን ያልነገሯችሁ ከሆነ ደውለሽ አረጋግጪ። የአንጀት ማጽጃው መድኃኒት ብዙ ውሃ ስለሚያስወጣ ደማቸው ያነሰ ሰው ብቻቸውን ባይሆኑ ይሻላል፣ የዚያን ሌሊት አንቺ ጋ ይደሩ።

የአጋሮ ልጅ፦
አይረኑን ስለማቋረጥ ማንም አልነገረንም። ጠዋት ደውዬ እጠይቃለሁ።